በድልድይ ምሰሶና በጀልባ ማረፊያ ሥር ብሪምን በሰው ሠራሽ ማባበያ ስለ ማጥመድ

የለገሃር ጡረተኛ (ድሬዳዋ)

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ስለ ዓሣ ማጥመድ የምታውቁ ሰዎች እንድታስረዱኝ የምፈልገው ጉዳይ አለኝ። በምድር ባቡር ሥራ ላይ በነበርኩበት ዘመን አዋሽ ጣቢያ በተመደብኩ ቁጥር ወደ ወንዙ እየወረድኩ አምባዛና ቆሮሶ በመንጠቆ ማጥመድ ለምጄ ነበር። የማውቀው ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ትል ወይም የሥጋ ቁራጭ መንጠቆ ላይ ሰክቶ፣ ክሩ ላይ እርሳስ አስሮ፣ ውሃው ረጋ ያለበት ቦታ ጥሎ፣ ዓሣው እስኪጎትት ድረስ በትዕግሥት መጠበቅ ነው።

በመጪው ኅዳር ልጄን ለመጠየቅ ወደ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ እሄዳለሁ፤ የምመለሰውም በየካቲት ነው። የ13 ዓመቱ የልጅ ልጄ ከቤታቸው ብዙ በማይርቀው በማሪብርኖንግ ወንዝ ዳር ብሪም የሚባለውን ዓሣ የማጥመድ ፍቅር አድሮበታል፤ በስልክ በተገናኘን ቁጥር የሚያጫውተኝም ስለዚሁ ነው። ልጁ ትልም ሥጋም አይጠቀምም። ከጣት የማትረዝም ለስላሳ የፕላስቲክ ሽሪምፕ የእርሳስ ራስ ባለው ትንሽ መንጠቆ ላይ ሰክቶ፣ የድልድይ ምሰሶዎችንና የጀልባ ማረፊያ መድረኮችን እየተከተለ ይወረውራል። በላከልኝ ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት፣ ማባበያዋ ከምሰሶው አንድ ክንድ ያህል ርቃ ከወደቀች ወዲያው ሰብስቦ እንደገና ይወረውራታል።

ከልጁ ጎን እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልፈልግም፤ አብሬው ቆሜ በደንብ ማጥመድ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ሽታም ጣዕምም የሌለውን ፕላስቲክ ዓሣ እንዴት ይጎርሳል? ሰፊ ወንዝ እያለ ምሰሶውን እንዲህ ተጠግቶ መወርወር ለምን አስፈለገ? ደግሞስ ድሬዳዋ ላይ ሆኜ፣ ወንዛችን ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሳለ፣ ከመሄዴ በፊት ልለማመደው የምችለው ነገር ይኖራል? የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ማሪብርኖንግ ዳር (ሜልበርን)

ጋሼ፣ ጥያቄዎን በደስታ አነበብኩት። እኔ የሳቢያን ልጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ፉትስክሬይ ሲሆን፣ ከሥራ መልስ የማመሸው እርስዎ በጠቀሱት ወንዝ ዳር ነው። ስለዚህ ስለ ውሃውና ስለ ዓሣው የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎት።

ማሪብርኖንግ እንደ አዋሽ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚወርድ ወንዝ አይደለም። ያራ ከሚባለው ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ወደ ፖርት ፊሊፕ የባሕር ወሽመጥ ስለሚገባ፣ የታችኛው ክፍሉ በባሕሩ ሙላትና ጉድለት ይመራል፤ ባሕሩ ሲሞላ ጨዋማው ውሃ ሽቅብ ይገፋል፣ ሲጎድል ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል። ጨዋማው ውሃ ከባድ ስለሆነ ከሥር ይተኛል፤ ጨው አልባው የወንዝ ውሃ ከላዩ ይሄዳል። እዚህ በብዛት የሚያዘው ጥቁር ብሪም ሁለቱንም ውሃ የሚችል ዓሣ ነው። ከባድ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሲደፈርስ ግን ጨው ወዳለበት ወደ ታችኛው የወንዙ ክፍልና ወደ ጥልቁ ስለሚያዘነብል፣ በዚያን ሰሞን ከላይኞቹ ድልድዮች ይልቅ የታችኞቹን መምረጥ ይሻላል።

ምሰሶውን መጠጋት ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ምሰሶውን ውሃው በጎደለ ሰዓት ቀርቦ ማየት ይበቃል። በዚህ ወንዝ ላይ ያለ አሮጌ ምሰሶ፣ እንጨትም ይሁን ኮንክሪት፣ ውሃው እስከሚደርስበት ልክ ድረስ በዛጎልና ባርናክል በሚባሉ ቅርፊታቸው የጠነከረ ትናንሽ ፍጥረታት ተሸፍኗል። በመካከላቸው ደግሞ ሸርጣኖች፣ ሽሪምፖችና ትሎች ይኖራሉ። ብሪም እነዚህን ከምሰሶው ላይ እየነቀለ ይበላል፤ ውሃው ሲገፋ ወይም ሌላ ዓሣ ሲነቅል ተላቆ የሚሰምጠውንም ከሥር ሆኖ ይቀልባል። የፕላስቲኳ ማባበያ የምትሠራው ከምሰሶው ተላቆ የሚሰምጥ ነገር መስላ ስትወርድ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ የእኔ መልስ፣ ዓሣውን የሚያሳምነው ከማባበያዋ መልክ ይልቅ አወራረዷ ነው የሚል ነው። ልጁ አንድ ክንድ ስትርቅበት ሰብስቦ እንደገና መወርወሩ ወንዙን በሚገባ ማወቁን ያሳያል።

ትልቁ ነገር ያለው ማባበያዋ ውሃ ከነካች በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። ወዲያው ክሩን ወጥሮ የሚይዝ ሰው፣ ማባበያዋ ከምሰሶው ጎን ቀጥ ብላ በመስመጥ ፋንታ ወደ እርሱ እያዘመመች እንድትመጣ ያደርጋታል፤ ከጉድጓድ አፍ ዳር ቆመው ገመዱን የወጠሩት ባልዲ ወደ እርስዎ ወዳለው ግድግዳ እንደሚወዛወዘው ማለት ነው። ዓሣው ምሰሶውን ተጠግቶ ስለሚጠብቅ፣ የራቀችውን ማባበያ ለማሳደድ ብዙ ጊዜ አይነሳም። መፍትሔው እንደወደቀች አንድ ሁለት ሜትር ክር ከማጠንጠኛው (ክሩ ከሚጠቀለልበት መዘውር) ለቆ፣ ክሩ ውሃው ላይ ላላ ብሎ እንዲተኛ ማድረግና ዐይንን ከክሩ አለማንሳት ነው። ብሪም ማባበያዋን ሲወስድ እጅ ላይ ምንም ላይሰማ ይችላል፤ የሚታየው ክሩ ላይ ነው። ላልቶ የተኛው ክር በድንገት ስንዝር ያህል ይቀናል፣ ወይም ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል፣ አለዚያም ማባበያዋ ወለሉ ላይ መድረስ ከሚገባት ጊዜ በፊት መውረዱን ያቆማል። ከእነዚህ አንዱን ሲያዩ የላላውን ክር ፈጥነው ሰብስበው ዘንጉን ቀና ያድርጉት። ለአምባዛ እንደምናደርገው በኃይል መንጨቅ አያስፈልግም፤ መንጠቆው ትንሽና ስለታም ስለሆነ ራሱ ይገባል፣ ክሩ ግን ቀጭን ስለሆነ ንጭቂያው ይበጥሰዋል።

የእርሳሱ ክብደት ሁሉንም ነገር ይወስናል። ለዚህ ሥራ የምንጠቀምባቸው የእርሳስ ራሶች በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ግራም የሚመዝኑ ሲሆኑ፣ ማባበያዋ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች። ውሃው በጸጥታ በቆመበት ሰዓት፣ ማለትም ሙላቱ ወደ ጉድለት ወይም ጉድለቱ ወደ ሙላት በሚዞርበት አጭር ጊዜ፣ ቀላሉን መጠቀም ይገባል፤ ምክንያቱም ቀስ ብላ የምትወርድ ማባበያ በዓሣው ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ትቆያለች። ውሃው ሲበረታ ደግሞ ከበድ ያለው ካልታሰረ ማባበያዋ ሳትሰምጥ ተወስዳ ምሰሶውን ታልፋለች። የምመክርዎ ውሃው የሚፈቅደውን ያህል ቀላል የሆነውን እንዲመርጡ ነው። አወራወሩም ውሃው ከሚመጣበት በኩል፣ ከምሰሶው ትንሽ ከፍ ብሎ ሲሆን፣ ማባበያዋ እየሰመጠች በውሃው ተወስዳ ምሰሶው ጎን ትደርሳለች። ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ከምሰሶው ጎኖች መካከል ጥላ ያለበትን አስቀድመው ይሞክሩ።

የጀልባ ማረፊያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። በምሰሶ ላይ የቆሙት እንደ ድልድዩ ይጠመድባቸዋል። ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚሉት ተንሳፋፊ መድረኮች ግን ዛጎሉ የተጣበቀው ከሆዳቸው ሥር ስለሆነ፣ ብሪሙም ብዙ ጊዜ ከወለሉ ይልቅ መድረኩን ተጠግቶ ከላይ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ማባበያዋን ዝቅ አድርጎ፣ የውሃውን ገጽ እየነካች ወደ ጥላው እንድትገባ መወርወር ያስፈልጋል። ይህን አወራወር ከልጅ ልጅዎ ይማሩት፤ ልጆች ከእኛ ፈጥነው ይይዙታል። መድረኩ ላይ ሲራመዱም እግርዎን ቀስ አድርገው ያንሡ፤ በጣውላው ላይ የሚረግጥ ጫማ ድምፅ በቀጥታ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ ትልልቆቹ ዓሦችም አስቀድመው የሚሸሹት በዚህ ነው።

ከኅዳር እስከ የካቲት እዚህ ሙቀቱ የሚጨምርበት ወቅት ስለሆነ ጥሩ ጊዜ መርጠዋል። ማለዳና አመሻሽ ላይ ይውጡ።

የጀጎል መምህር (ሐረር)

ለጋሼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ለትምህርት ፐርዝ ከተማ በቆየሁበት ጊዜ በስዋን ወንዝ ድልድዮች ሥር ይህንኑ ጥቁር ብሪም አጥምጃለሁ። የቀደመው ወንድማችን የጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ዓሣው አካልና ጠባይ ነው።

እርስዎ በአዋሽ የሚያውቁት ቆሮሶ በአብዛኛው በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ዕፀዋትንና አልጌን እያጣራ የሚመገብ ስለሆነ፣ ሰው ሠራሽ ማባበያ እምብዛም አይስበውም። አምባዛ ደግሞ በጢሙና በማሽተት፣ ይልቁንም በጨለማ፣ ምግቡን ይፈልጋል፤ ስለዚህም ሽታ ያለው ሥጋ ይወስዳል። ብሪም ከሁለቱም ይለያል። የፊት ጥርሶቹ ከምሰሶ ላይ ለመንቀል የሚመቹ ሾል ያሉ ሲሆኑ፣ ከኋላ ያሉት ዛጎልና የሸርጣን ቅርፊት የሚፈጩ ሰፋፊ መንጋጋዎች ናቸው። ዐይኑ ትልቅ ነው፤ ምግቡንም በዐይኑ ይመረምራል፣ ብዙ ጊዜም ቀርቦ ካየ በኋላ ትቶ ይመለሳል። ከጎረሰም በኋላ ያልተስማማውን ነገር ወዲያው ይተፋል። ለስላሳ ፕላስቲክ ከጠንካራው የሚመረጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ አፉ ውስጥ ለቅጽበትም ቢሆን ረዘም ብሎ ይቆያል። የሽሪምፕ ሽታ ያለው ቅባት ማባበያው ላይ የሚቀባውም ይህችን ቅጽበት ለማራዘም ነው።

ከወንድማችን ጋር የምለያይበት አንድ ነጥብ አለ፤ እርሱም የማባበያው መልክ ቦታ እንደሌለው ያህል በተነገረው ላይ ነው። አወራረዱ ቀዳሚ መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን ባርናክል በበዛበት ምሰሶ ሥር፣ በሸርጣን ቅርጽ የተሠራ ማባበያ ወለሉ ላይ ደርሶ ያለ እንቅስቃሴ እንዲቀመጥ ሲደረግ፣ ሽሪምፕ የሚመስለውን የናቁ ትልልቅ ብሪሞች ሲወስዱት በተደጋጋሚ አይቻለሁ። በአውስትራሊያ የሚሠራው ክራንካ ክራብ የሚባለው ማባበያ ለዚህ ሥራ የታወቀ ነው፤ ወለሉ ላይ ሲያርፍ መቆንጠጫዎቹን ወደ ላይ አንሥቶ ራሱን እንደሚከላከል ሸርጣን ይቆማል። ይህ ማባበያ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለመጠበቅ ለለመደ ለእንደ እርስዎ ያለ አጥማጅ የሚስማማው ይመስለኛል።

ሌላው አደራዬ ስለ ዕድሜያቸው ነው። ጥቁር ብሪም በጣም ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓሣ ነው፤ ከ25 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። አንድ ትልቅ ብሪም ከልጅ ልጅዎ ዕድሜ በላይ በዚያ ወንዝ ውስጥ ኖሮ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ትልቋ እንስት ደግሞ ከትንሿ ይልቅ እጅግ ብዙ እንቁላል ትጥላለች። የሐሮማያ ሐይቅ በመስኖና በከተማ የውሃ ፍጆታ፣ በደለልም ተጎድቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲደርቅ ያየን የዚህ አካባቢ ሰዎች፣ ውሃ ውስጥ ያለ ሀብት በአንድ ትውልድ ዘመን ሊያልቅ እንደሚችል እናውቃለን፤ ዛሬ ሐይቁ ዳግም ውሃ በመያዙ የተሰማን ደስታም ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ መካከለኛውን ለምግብ ወስደው ትልቁን እንዲለቁት እለምንዎታለሁ። ሲለቁትም እጅዎን በውሃ አርሰው ይያዙት፤ ደረቅ እጅ ገላውን የሚጠብቀውን ልጋግ ይልጠዋል። የጀርባው ክንፍ እሾኽ ስለታም ስለሆነ ከፊት ወደ ኋላ እየደባበሱ አስተኝተው ይያዙት።

ደቻቱ ማዶ (ድሬዳዋ)

ጋሼ፣ ስለ ልምምዱ እኔ ልናገር። ደቻቱ ደረቅ መሆኑ ለዚህ ጉዳይ ይጠቅመናል እንጂ አይጎዳንም። ሊለማመዱት የሚገባው ዓሣ መጎተትን ሳይሆን ቀላል ነገርን ወደ ምሰሶ አስጠግቶ መወርወርን ነው፤ በከተማችን መካከል ያለው የደቻቱ ድልድይ ምሰሶዎች ከነጥላቸው አሸዋው ላይ ቆመዋል።

የማደርገውን ልንገርዎት። ክሩ ጫፍ ላይ መንጠቆ ሳይሆን ትንሽ ዳዶ አስራለሁ፤ ባለ 6 ቁጥሩ ዳዶ ክብደቱ ወንድማችን ከጠቀሰው የእርሳስ ራስ ጋር ይቀራረባል። ከምሰሶው አሥር እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜ፣ በምሰሶው እግር ዙሪያ አሸዋው ላይ ክንድ የሚሰፋ ክበብ እሠራና ዳዶው እዚያ ውስጥ እንዲያርፍ እወረውራለሁ። ከራስ በላይ አወናጭፎ መወርወር ለሩቅ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ በድልድይ ሥር ጣራው ይከለክላል፣ ከላይ የወደቀ ነገርም ውሃውን አንቦጫርቆ ዓሣ ያባርራል። ዘንጉን ወደ ታች አድርጎ ከጉልበት ከፍታ ሽቅብ መልቀቅ ይመረጣል። ዳዶው ምሰሶው ጋ ሊደርስ ሲል በጠቋሚ ጣት የማጠንጠኛውን ጠርዝ ነካ አድርጎ ክሩን ማዘግየትም ይገባል፤ ያኔ ምሰሶውን ሳይመታ ከእግሩ ሥር ለስለስ ብሎ ያርፋል። ይህ የጣት ነገር የሚገኘው በድግግሞሽ ብቻ ነው። ክሩ እንደ ጭድ ስለሚቀል ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሥራው ይበላሻል፤ ስለዚህ በማለዳ ቢሆን መልካም ነው።

ቀላል ዘንግና አነስተኛ ማጠንጠኛ አለኝ፤ ፈቃድዎ ከሆነ አብረን እንወርዳለን። በጥቅምት አሸዋው ደርቆ ይገኛል። ሆኖም ደጋው ላይ ጥቁር ደመና በታየ ቀን አንወርድም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት በወረደው ጎርፍ የብዙ ወገኖቻችንን ሕይወት የቀጠፈው በከተማው ላይ የዘነበው ዝናብ ብቻ አልነበረም፣ ከደጋው የመጣው ውሃ ጭምር ነበር።

የለገሃር ጡረተኛ (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከደቻቱ ማዶ ላለው ልጄ፣ ግብዣህን በደስታ ተቀብያለሁ፤ ማለዳ መነሣት ከባቡር ዘመኔ ጀምሮ የለመድኩት ነው።

ሁለት ነገሮች ይቀሩኛል። ምሰሶው በባርናክል የተሸፈነ ከሆነና ዓሣው የሚያዘው ከምሰሶው ሥር ከሆነ፣ ከተያዘ በኋላ ክሩን የባርናክሉ ጠርዝ እንዳይቆርጠው ምን ይደረጋል? በአዋሽ አምባዛ የዛፍ ሥር ውስጥ ሲገባብን ወፍራም ክር ስለምንጠቀም ጎትተን እናወጣው ነበር። ሁለተኛው፣ በዚያ አገር ሕግ እንደ እኔ ያለ የ66 ዓመት እንግዳ ለማጥመድ ፈቃድ ያስፈልገዋል ወይ? የመምህሩን አደራ ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን ልጄ ቤት ለአንድ ቀን ምሳ የሚሆን ዓሣ በእጄ ይዤ ብገባ ደስ ይለኛልና፣ ምን ያህሉን መውሰድ እንደሚፈቀድም ብትነግሩኝ።

ማሪብርኖንግ ዳር (ሜልበርን)

በመጀመሪያ ለመምህሩ፣ ስለ ሸርጣኑ ያነሡትን እቀበላለሁ። ውሃው በቆመበት ሰዓትና ጥልቀት ባለው ምሰሶ ሥር የእርስዎ መንገድ ይበልጣል፤ ውሃው ሲንቀሳቀስና በተንሳፋፊ መድረኮች ዙሪያ ግን አሁንም ሽሪምፕ የምትመስለዋን እመርጣለሁ። ጋሼ ሁለቱንም በየሰዓቱ ቢሞክሩ አይጎዱም።

ጋሼ፣ ስለ ክሩ የጠየቁት የዚህ ዓሣ ማጥመድ ዋነኛው ፈተና ነው። ክሩ ሲወፍር ዓሣው ያየዋል፣ ማባበያዋም በተፈጥሯዊ አወራረድ አትወርድም፤ ሲቀጥን ደግሞ ባርናክሉ ይቆርጠዋል። ብዙዎቻችን የምናደርገው፣ ማጠንጠኛው ላይ ቀጭን የተጎነጎነ ክር ጠቅልለን፣ ከፊቱ ፍሎሮካርቦን የሚባለውን፣ ውሃ ውስጥ ብዙም የማይታይና መፋቅን ይበልጥ የሚቋቋም ክር አንድ ሁለት ሜትር መቀጠል ነው። ክፍት ውሃ ላይ 2 ኪሎ ግራም የሚችለው ይበቃል፤ በምሰሶ ሥር ግን ወደ 4 ኪሎ ግራም ከፍ ማድረግ ይሻላል። የማጠንጠኛው ፍሬን ክሩ ከሚችለው ጉልበት ሲሶውን ያህል ሲሳብ እንዲለቅ ተደርጎ አስቀድሞ ይስተካከላል፤ ዓሣው ከተያዘ በኋላ ፍሬኑን መነካካት ብዙ ጊዜ ዓሣውን ያሳጣል።

ዓሣው እንደተያዘ የመጀመሪያው ሩጫው በቀጥታ ወደ ምሰሶው ነው። በዚያን ጊዜ ዘንጉን ወደ ላይ አያንሡት፤ ወደ ጎን ዝቅ አድርገው፣ ከምሰሶው ወደሚርቅበት አቅጣጫ ይጎትቱት። ዓሣን ወደ ላይ ሲጎትቱት ወደ ታች ይታገላል፣ ወደ ጎን ሲጎትቱት ግን ራሱ ስለሚዞር አካሉም ተከትሎት ይዞራል። የሚቻል ከሆነ እግርዎንም ያንቀሳቅሱ፤ ከምሰሶው ጥግ ይልቅ ጥቂት እርምጃ ወጣ ብለው ከጎኑ ቢቆሙ፣ ክሩ ምሰሶውን ሳይነካ ዓሣውን ወደ ክፍት ውሃ ለመሳብ ያመችዎታል። ከምሰሶው ጀርባ ከዞረና ክሩ ሲፋቅ በእጅዎ ከተሰማዎት፣ መጎተትዎን ትተው የማጠንጠኛውን ቀለበት ከፍተው ክሩን ፈጽመው ይልቀቁለት። የሚጎትተው ነገር ሲቆም ዓሣውም ይረጋጋል፤ አልፎ አልፎም በገባበት መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ዓሣው ከወጣ በኋላም ሆነ ከጠፋ በኋላ የፊቱን ክር በጣቶችዎ መካከል እየሳቡ ይዳስሱት፣ ሻካራ ሆኖ ካገኙት ያንን ክፍል ቆርጠው እንደገና ይሠሩት።

ስለ ሕጉ፣ በቪክቶሪያ ግዛት ዕድሜው ከ18 እስከ 69 ዓመት የሆነ ሰው በመንጠቆ ለማጥመድ ፈቃድ መግዛት አለበት፤ እንግዳም ቢሆን ከዚህ ውጭ አይደለም። ስለዚህ እርስዎ ያስፈልግዎታል፣ የልጅ ልጅዎ ግን ገና ስለሆነ አያስፈልገውም። ፈቃዱ ለ3 ቀን፣ ለ28 ቀን፣ ለ1 ዓመትና ለ3 ዓመት ይሸጣል፤ እስከ የካቲት የሚቆዩ ከሆነ የዓመቱን እንዲወስዱ እመክራለሁ። ልጅዎ በኢንተርኔት ልትገዛልዎት ትችላለች። ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ 28 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ብሪም ወዲያው ወደ ውሃው መመለስ አለበት፤ አንድ ሰው በቀን መያዝ የሚችለውም እስከ 10 ነው። መለኪያውን ከእርስዎ ጋር ይያዙ፤ ተቆጣጣሪዎች ዳር ዳሩን እየዞሩ ይለካሉ።

ለምሳ ስለሚወስዱት ዓሣ ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ማሪብርኖንግም ሆነ ያራ በከተማና በኢንዱስትሪ መካከል የሚያልፉ ወንዞች በመሆናቸው፣ የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከእነርሱ የሚያዝ ዓሣ በብዛት እንዳይበላ የሰጠው የጥንቃቄ ምክር አለ። በቤቱ ውስጥ ትንሽ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ምክሩን አንብበው ይወስኑ። እኔ ለምግብ ስፈልግ ወደ ባሕሩ ወሽመጥ ወርጄ አጠምዳለሁ፤ የወንዙን ብሪም መልሼ እለቃለሁ፣ እርስዎም ሲመጡ ወደ ወሽመጡ አብረን እንሄዳለን።

የማጥመጃ ዕቃን በተመለከተ፣ ከድሬዳዋ ይዘው ለመምጣት አይድከሙ፤ ዘንጉም ማባበያውም እዚህ ይገኛል፣ የልጅ ልጅዎም ትርፍ አያጣም። የአዋሹን መንጠቆና እርሳስ ለትዝታ ይዘው መምጣት ከፈለጉ ግን በሚገባ አጥበውና አድርቀው ይያዙት፤ አውሮፕላኑ ውስጥ በሚሞሉት የመግቢያ ቅጽ ላይ በወንዝ ወይም በሐይቅ ውሃ ያገለገለ ዕቃ መያዝዎን የሚጠይቅ ጥያቄ አለና፣ አዎ ብለው ይሙሉ። የያዘውን የሚገልጽ ሰው አይቀጣም፤ ቅጣት የሚመጣው ያልተገለጸ ዕቃ ሲገኝ ነው። ትልና ማናቸውንም ደረቅ ሥጋ በምንም ዓይነት ሻንጣዎ ውስጥ አያስገቡ።